የእሾህ ጥላ
ነፃ ሕዝብ በግፈኛ ገዥ እጅ እንዴት እንደሚወድቅ
(በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ)



ኢዮቤልዩ የሚለው ስም ከኦሪት የመጣ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተደነገገው፥ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ከተቈጠረ በኋላ 50ኛው ዓመት ይቀደሳል፤ መለከት ይነፋል፤ በድኽነት የተሸጠው ሰው ወደ ቤተ ሰቡ፥ መሬቱን የለቀቀውም ወደ ርስቱ ይመለሳል። እንግዲህ ኢዮቤልዩ የዓመት ቍጥር ብቻ አይደለም፤ የነፃነት ዐዋጅ ነው። በዚህ በዓል ስለ ነፃነት መነገሩ የሚገባውም ስለዚህ ነው። ዳሩ ግን ነፃነትን ማመስገን ለሁሉ ይቀላል፤ በምን መንገድ እንደሚጠፋ መመርመር ግን ለጥቂቶች ብቻ ተትቷል። ቤቱ የተዘረፈበት ሰው ሌባው በየትኛው በር እንደ ገባ ካልመረመረ፥ ዳግመኛ መዘረፉ አይቀርም።

ብዙ ሰው ግፈኛ ገዥ በጕልበቱ ብቻ የሚነግሥ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ሰው በገዛ ክንዱ ሚሊዮን ሕዝብ ይቅርና ዐሥር ሰው እንኳ ማሰር አይችልም። የሚያስረው በሌሎች እጅ፥ የሚከሰው በሌሎች አፍ፥ የሚፈርደውም በሌሎች ብዕር ነው። መጥረቢያ ወደ ዱር በገባ ጊዜ ዛፎቹን የሚያሳዝናቸው የብረቱ ስለት ብቻ አይደለም፤ እጀታው ከእነርሱ ወገን መሆኑ ነው። ስለዚህ ጠያቂው ‹ግፈኛው ምን ያህል ብርቱ ነው› ብሎ ብቻ ሳይሆን፥ ‹ሕዝቡ እጀታውን ለምን ሰጠው› ብሎ ይጠይቅ።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ምስክሮች ይቀርባሉ። አንዱ ከመጽሐፍ ነው፤ ሁለተኛው አያቶች በዓይናቸው ካዩት ዘመን ነው። በሁለተኛው ታሪክ ውስጥ የኢጣልያ ዓመቶች በአውሮፓ አቈጣጠር፥ የኢትዮጵያ ዓመቶች ግን ዓመተ ምሕረት ተብለው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ይነገራሉ።

፩. የአቤሜሌክ ነገር

በመጽሐፈ መሳፍንት እንደ ተተረከው፥ ጌዴዎን እስራኤልን ከምድያም እጅ ባዳነ ጊዜ ሕዝቡ ንገሥብን ብሎ ለመነው፤ እርሱ ግን መንግሥት የእግዚአብሔር ናት ብሎ እንቢ አለ። ጌዴዎን 70 ልጆች ነበሩት፤ ከእነርሱም ሌላ ከሴኬም ከነበረች ቁባቱ የተወለደ አቤሜሌክ የሚባል ልጅ ነበረው። አባቱ ከሞተ በኋላ አቤሜሌክ ወደ እናቱ ዘመዶች ሄደ። ሰይፍ ይዞ አልመጣም፤ ጥያቄ ይዞ መጣ እንጂ። 70 ሰዎች ከሚገዟችሁ አንድ ሰው ቢገዛችሁ አይሻልምን አለ፤ የሥጋ ዘመዳቸው መሆኑንም አሳሰባቸው። የሴኬም ሰዎች ልብ ወደ እርሱ አዘነበለ። ከጣዖታቸው ቤት 70 ብር አውጥተው ሰጡት፤ በዚያም ገንዘብ ሥራ ፈት ወሮበሎችን ቀጠረ፤ ወንድሞቹንም በአንድ ድንጋይ ላይ አረዳቸው። ታናሹ ኢዮአታም ብቻ ተሸሽጎ ተረፈ።

በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ የግፈኞች ጥበብ ሁሉ ተጠቃሏል። በመጀመሪያ የብዙዎች ምክር ድካም መስሎ እንዲታይ ተደረገ። በሁለተኛ የዘመድ ነገር ከፍትሕ በላይ ተነሣ። በሦስተኛ ለጸሎት ቤት የተሰበሰበ ገንዘብ የነፍሰ ገዳይ ደመወዝ ሆነ። በአራተኛ ሥራ ያጣ ወጣት ዱላ ተሰጠው። የሴኬም ሰዎች ገና ከመጀመሪያው አልተደፈሩም፤ ተጠይቀው እሺ አሉ።

ከዚህ በኋላ ኢዮአታም በደብረ ገሪዛን ራስ ላይ ቆሞ የዛፎችን ምሳሌ ነገራቸው። ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ወጡ። ወይራ ቅባቴን አልተውም አለ፤ በለስ ጣፋጭ ፍሬዬን አልተውም አለች፤ ወይንም ደስ የሚያሰኘውን ጭማቂዬን አልተውም አለ። በመጨረሻ እሾህን ለመኑት፤ እሾህም እሺ ብሎ በጥላዬ ሥር ተጠለሉ አላቸው። ምሥጢሩ በዚህ ላይ ነው። ወይራና በለስ ወይንም ክፉዎች አልነበሩም፤ በገዛ በረከታቸው የተጠመዱ ደጋጎች ነበሩ። ዳሩ ግን ደጋጎች ‹የራሴ ሥራ ይበቃኛል› ባሉ ጊዜ ወንበሩ ባዶውን አይቀመጥም፤ ለእሾህ ይተርፋል። እሾህ ደግሞ ጥላ የለውም፤ የሌለውን ጥላ ተስፋ እየሰጠ ይነግሣል።

፪. ኢጣልያ ነፃነቷን እንዴት እንዳጣች

ይህ የጥንት ሰዎች ተረት ነው የሚል ቢኖር የኢጣልያን ነገር ይመልከት። ኢጣልያ በ1861 አንድ መንግሥት ከሆነች ጀምሮ ንጉሥ፥ ሕገ መንግሥት፥ በምርጫም የሚቆም ፓርላማ ነበራት። በ1912 የወጣው ሕግ ለወንዶች ሁሉ ለማለት ያህል የመምረጥ መብት ሰጠ። ጋዜጦቿ መንግሥትን ይነቅፉ ነበር፤ ሠራተኞቿም ማኅበር ነበራቸው። በ1915 ወደ ታላቁ ጦርነት ገብታ በ1918 ከድል አድራጊዎች ጋራ ተቈጠረች፤ ነገር ግን 600 ሺህ ያህል ወታደሮች ሞቱባት፤ ኑሮ ተወደደ፤ ከጦር ሜዳ የተመለሰው ወጣት ሥራ አጣ፤ ሠራተኞች አድማ መቱ፤ ባለ መሬቶችም ንብረታችን ሊወሰድ ነው ብለው ፈሩ። ቍጣና ፍርሃት በአንድ ቤት ሲያድሩ ለግፈኛ መንገድ ይጠርጉለታል።

በማርች 23 ቀን 1919 ቤኒቶ ሙሶሊኒ የሚባል ጋዜጠኛ በሚላኖ ከተማ የፋሽስት ማኅበርን መሠረተ። በዚያው ዓመት ምርጫ በተደረገ ጊዜ በሚላኖ ተወዳድሮ ያገኘው ድምፅ ከ5 ሺህ ያነሰ ነበር። እንግዲህ የሀገሩ ሰዎች በነፃ ሲጠየቁ የንቀት መልስ የሰጡት ይህ ሰው በ3 ዓመት ውስጥ እንዴት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ?

አንደኛ፥ የፈሩት ባለጠጎች ገንዘብ ሰጡት። በፖ ወንዝ ሸለቆ ያሉ ባለ መሬቶች ጥቍር ሸሚዝ ለለበሱ ጭፍሮች ደመወዝና መኪና ሰጡ። ጭፍሮቹም በሌሊት እየዞሩ የሠራተኞችን ማኅበር ቤትና የጋዜጣ ማተሚያዎችን አቃጠሉ፤ ተቃዋሚውን በዱላ ደበደቡ፤ ሊያዋርዱትም የጉሎ ዘይት በግድ አጠጡት። ፖሊስ ብዙ ጊዜ አይቶ እንዳላየ አለፈ። በጎረቤቱ ላይ ዱላ ሲያርፍ ‹እርሱስ ጥጋበኛ ነበር› ያለ ሁሉ ለራሱ ጀርባ የሚሆነውን ዱላ አስላጠ።

ሁለተኛ፥ ዐዋቂዎች ነን ያሉ ሽማግሌዎች መሣሪያ እናደርገዋለን ብለው አስጠጉት። በ1921 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆሊቲ ፋሽስቶችን በራሱ የምርጫ መዝገብ ውስጥ አስገባቸው፤ በዚህም 35 ያህል ሰዎች ወደ ፓርላማ ገቡ። እባብ ለመደ ተብሎ በኪስ አይያዝም የሚለውን ምክር አያሌ ጠቢባን ረስተውት ነበር።

ሦስተኛ፥ በሩ ከውስጥ ተከፈተለት። በኦክቶበር 28 ቀን 1922 ጥቍር ሸሚዞች ወደ ሮማ ገሠገሡ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፋክታ ጦሩ እንዲመክታቸው የሚያዝዝ ዐዋጅ ለንጉሡ ለቪቶርዮ ኢማኑኤል ሦስተኛ አቀረበ፤ ንጉሡ ግን አልፈርምም አለ። ሙሶሊኒ በዚያ ጊዜ በሰልፉ ራስ ላይ አልነበረም፤ በሚላኖ ሆኖ ወሬ ይጠብቅ ነበር። በተጠራ ጊዜ በመኝታ ባቡር ተሳፍሮ ሮማ ደረሰ፤ በንጉሡም ቃል ተሾመ። ኋላ ግን ከተማዪቱን በጦር እንደ ያዘ ጀግና ተደርጎ ተነገረለት። ከዚያም 535 አባሎች ባሉበት ፓርላማ ፋሽስቶቹ እጅግ ጥቂት ሳሉ፥ 306 ሰዎች እምነታችንን ሰጥተንሃል ብለው ድምፅ ሰጡት፤ የተቃወሙት 116 ብቻ ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ሕግ ሕግን ይበላ ጀመር። በ1923 የወጣው የምርጫ ሕግ ከመራጮች ሩብ ድምፅ ያህል አግኝቶ ከሌሎች የበለጠ ወገን ከወንበሮቹ ከሦስት እጅ ሁለቱን እንዲወስድ ፈቀደ። በ1924 በአፕሪል የተደረገው ምርጫ በዱላና በማስፈራራት ተካሄደ። ጃኮሞ ማቴዮቲ የሚባል የተቃዋሚዎች እንደራሴ በሜይ 30 ቀን በፓርላማ ተነሥቶ ግፉን አንድ በአንድ ቈጠረ። በጁን 10 ቀን ከመንገድ ላይ ተጠልፎ ተገደለ፤ ሬሳው በኦገስት ወር ከሮማ ውጭ በዱር ውስጥ ተገኘ።

በዚያ በጋ የሙሶሊኒ ወንበር ተናወጠ፤ ሕዝቡ በቍጣ አጕረመረመ፤ በደረታቸው ላይ የነበረውን የፋሽስት ምልክት አውልቀው የደበቁ ብዙዎች ነበሩ። የተቃዋሚ እንደራሴዎች ግን ከፓርላማው ወጥተው ንጉሡን ጠበቁ፤ ንጉሡም አልተነሣም፤ እያንዳንዱም ሌላው ይጀምር ብሎ ዝም አለ። ግፈኛው ማንም እንደማይነሣበት ባየ ጊዜ በጃኑዋሪ 3 ቀን 1925 በፓርላማው ፊት ቆሞ ለሆነው ሁሉ ኃላፊው እኔ ነኝ አለ። ያሰረው አልነበረም። በ1926 መጨረሻ ሌሎች ፓርቲዎች ሁሉ ተበተኑ፤ ትተው የወጡት እንደራሴዎች ወንበራቸው ተነጠቀ፤ ጋዜጦቻቸው ተዘጉ፤ ለመንግሥት ተቃዋሚዎች ልዩ ፍርድ ቤት ቆመ። ከ1922 እስከ 1926 አራት ዓመት ነው። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለመልካም ነገር ብቻ አይደለም፤ ባርነትም ቀስ በቀስ እግር ያወጣል።

፫. ያገኘውን ሥልጣን በምን ጠበቀው

ሥልጣንን መያዝ አንድ ነገር ነው፤ 20 ዓመት መጠበቅ ሌላ ነገር ነው። ሙሶሊኒ የጠበቀው በእስር ቤት ብቻ አልነበረም። ተቃዋሚዎቹን ወደ ሊፓሪና ወደ ፖንሳ ደሴቶች ማጋዙ እውነት ነው፤ ምስጢረኛ ፖሊስም ነበረው። የሚበልጠው ጥበቡ ግን ሰውን ከሰው መለየት ነበር። ጎረቤት ጎረቤቱን በጠረጠረ ጊዜ ሺህ ሰው እንደ አንድ ሰው ብቸኛ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ምሳሌ ግፈኛም ያውቀዋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራው ድሩን መበጠስ ነው።

ሁለተኛ፥ እንጀራን ከመታዘዝ ጋራ አሰረው። በ1930ዎቹ ዓመታት የመንግሥት ሥራ የሚሻ ሰው የፓርቲውን ካርድ መያዝ ነበረበት። ልጆቹን ማብላት የሚፈልግ አባት ካርዱን ወሰደ፤ በልቡ ግን አላመነበትም። ዳሩ ግን የልቡን እግዚአብሔር ብቻ ያያል፤ ጎረቤቱ የሚያየው ካርዱን ነው፤ ያንንም አይቶ ‹ሁሉም ከእርሱ ጋራ ነው› ብሎ ተስፋ ይቈርጣል። እንዲህ ሆኖ የማያምኑ ሰዎች እርስ በርሳቸው ያስፈራራሉ።

ሦስተኛ፥ የተማሩትን አፍ አስያዘ። በ1931 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ለፋሽስት መንግሥት ታማኞች እንዲሆኑ እንዲምሉ ታዘዙ። ከ1200 የማያንሱ መምህራን ነበሩ፤ አንምልም ብለው ወንበራቸውን የለቀቁት ግን 12 ያህል ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ሁሉ ክፉዎች አልነበሩም። ከእነርሱ ብዙዎቹ እንደ ወይራው፥ ‹እኔ ብለቅ ተማሪዎቼን ማን ያስተምራቸዋል› አሉ። ተማሪዎቹ ግን ከመጽሐፉ ይልቅ የመምህሩን መሐላ ተማሩ።

አራተኛ፥ ምርጫን ስሙን ትቶ ፍሬውን ወሰደ። በ1929 ሕዝቡ የቀረበለትን አንድ መዝገብ አዎን ወይም አይሆንም እንዲል ተጠራ። የእሺታው ወረቀት በባንዲራው ቀለም ያጌጠ ነበር፤ የእንቢታው ግን ነጭ ነበር። ከ100 ሰው 98 አዎን ማለቱ ተነገረ። ፈርቶ የመረጠ ሰው መረጠ አይባልም፤ ፈረመ ይባላል።

አምስተኛ፥ ሕፃናትን ከወላጆቻቸው ቀደመባቸው፤ ከ1926 ጀምሮ በተቋቋመው ማኅበር ልጆች የሰልፍ ልብስ ለብሰው መሪውን ማመስገን ተማሩ።

ስድስተኛ፥ ክብርን በሌላው ደም ሸጠላቸው። ቅኔ ሰምና ወርቅ እንዳለው፥ የግፈኛም ንግግር ሰምና ወርቅ አለው። በቅኔ ሰሙ ቀልጦ የሚገኘው ወርቅ እውነት ነው፤ በግፈኛ ንግግር ግን ሰሙ የሀገር ፍቅር፥ ሲቀልጥ የሚገኘው የአንድ ሰው መንበር ነው። በዲሴምበር 18 ቀን 1935 የኢጣልያ ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ ሰጡ፤ ንግሥቲቱ ኤሌናም በሮማ ቀዳሚ ሆና ሰጠች፤ በወርቁም ፈንታ የብረት ቀለበት ተሰጣቸው። ይህን ምስክር ሌላ ትርጓሜ አያሻውም፤ የገዛ ወርቁን ሰጥቶ ብረት የተቀበለ ሕዝብ በጣቱ ላይ ሰንሰለቱን አሰረ።

ይህም ለካህናት እጅግ የከበደ ትምህርት ነው። የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር በኦክቶበር 28 ቀን 1935 በካቴድራሉ ቆመው በኢትዮጵያ ላይ የተነሣውን ዘመቻ ወንጌልን የሚያስፋፋ ሥራ አድርገው አመሰገኑት። የሴኬም ጣዖት ቤት 70 ብር አበደረ፤ በዚህ ጊዜ ግን የተበደረው ከብር የሚከብረው ቡራኬ ነበር።

፬. እሳቱ ከእሾህ ወጣ

ወረራው በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ተጀመረ። በአውሮፕላን የተረጨ የመርዝ ጋዝ በወታደሩም በገበሬውም ላይ፥ በወንዙም ላይ ወረደ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን አላወግዝም በማለታቸው በአዲስ አበባ በአደባባይ ተረሸኑ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማው ሕዝብ ላይ የሦስት ቀን እልቂት ሆነ። በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ታረዱ፤ ግራዚያኒ ራሱ በቴሌግራም 297 መነኮሳት ማስገደሉን ለአለቆቹ ገለጸ፤ ኋላ የተደረገው ምርመራ ግን ቍጥሩን ከ1 ሺህ በላይ ያደርሰዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የኢጣልያ እናት ልጇ ምን እንዳደረገ አላነበበችም፤ ጋዜጣው ድልን ብቻ ይጽፍ ነበርና። የመርዝ ጋዙን ነገር የኢጣልያ መንግሥት በግልጥ ያመነው ከ60 ዓመት በኋላ በ1996 ነው። ነፃነቱን ያጣ ሕዝብ የሚያጣው እንጀራውንና ክብሩን ብቻ አይደለም፤ ንስሓ ይገባ ዘንድ የገዛ ኃጢአቱን የማወቅ ችሎታውን እንኳ ያጣል። በማቴዮቲ ሞት ዝም የተባለው ዝምታ በ11 ዓመቱ ባሕር ተሻግሮ ወደ ትግራይና ወደ ሸዋ ደረሰ።

ዳሩ ግን ማንም ግፍ ከባሕር ማዶ ብቻ የሚመጣ አይምሰለው። በ1966 ዓ.ም. ደርግ ሲነሣ ለውጡ ያለ ደም እንደሚፈጸም ይነገር ነበር፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 ያህል ሹማምንትና ሌሎች ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ለእነዚያ ሰዎች ፍርድ ቤት ይገባቸዋል ብሎ የተከራከረ እጅግ ጥቂት ነበር። ከዚያ በኋላ የሞት ወሬ በየቤቱ ደረሰ፤ ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው በ1971 ዓ.ም. በእስር ሳሉ ተገደሉ። ለማይወዱት ሰው ፍርድን የማይጠይቁ፥ ለሚወዱት ሰው ሲፈልጓት አያገኟትም።

የግፈኞቹ ፍጻሜ የታወቀ ነው። አቤሜሌክ 3 ዓመት ከገዛ በኋላ ያነገሡትን የሴኬምን ሰዎች በግንባቸው ውስጥ በእሳት አቃጠላቸው፤ እርሱም በቴቤስ አንዲት ሴት በጣለችበት የወፍጮ መጅ ወደቀ። ኢትዮጵያ በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነፃነቷን አገኘች። ሙሶሊኒን በጁላይ 25 ቀን 1943 የራሱ ታላቅ ምክር ቤት 19 አባሎች ድምፅ ነሡት፤ ያ የሾመው ንጉሥ አሳሰረው፤ ከጀርመኖች ዘንድ ድጋፍ አግኝቶ ጥቂት ከቈየ በኋላ በአፕሪል 28 ቀን 1945 በሀገሩ አርበኞች ተገደለ። ንጉሣዊው ቤትም በ1946 በሕዝብ ድምፅ ተሻረ። በ1922 ሊያደርጉት ይቻላቸው የነበረውን በ1943 አደረጉት፤ በመካከሉ ያለው የ21 ዓመት መቃብር ግን አልተመለሰም። እጁን ዘግይቶ የሚሰበስብ ይድናል፤ ዋጋው ግን እጅግ ይከብዳል።

፭. እንግዲህ ምን ይደረግ

የነፃነት ጥበቃ የሚጀምረው በቤተ መንግሥት ደጃፍ አይደለም፤ በየማኅበሩና በየዕድሩ በየሰበካውም ጉባኤ ነው። አንድ ሰው ብቻ በሚናገርበት ጉባኤ ያደገ ልጅ፥ አንድ ሰው ብቻ በሚናገርበት ሀገር መኖርን ክፉ አይለውም። የደብር ሒሳብ በግልጥ ሲነበብ፥ የድኻይቱ መበለት አቤቱታ ከባለጠጋው ቃል እኩል ሲሰማ፥ አለቃው ሲሳሳት በአክብሮት ሲመከር፥ በዚያ ነፃነት ትማራለች። እነዚህ ትናንሽ ነገሮች የጐደሉበት ደብር ትልቁን ነገር ከመንግሥት ሊጠይቅ አፍ የለውም።

ስለዚህ ወይራ ሆይ፥ ቅባትህን አልተው አትበል፤ ከቅባትህ ጋራ ምክርህንም ስጥ። መምህር ሆይ፥ ስለ ተማሪዎችህ ብለህ ሐሰትን አትማል። ካህን ሆይ፥ ቡራኬ ለድኻው መጽናኛ ተሰጠ እንጂ ለሰይፍ መሳያ አልተሰጠምና አታበድረው። አባት ሆይ፥ ‹የኛ ሰው ነው› የተባለለትን ሹም ከሌላው ይልቅ መርምረው፤ የሴኬም ሰዎች የተታለሉት በባዕድ ሳይሆን በእኅታቸው ልጅ ነውና። ሁላችሁም፥ የመጀመሪያው ሰው ያለ ፍርድ በተወሰደ ቀን ተናገሩ። ለመጀመሪያው የሚናገር ብዙ ጓደኛ አለው፤ ለመጨረሻው የሚናገር ግን የሚቀርለት የለም።

ኢዮአታም ተናግሮ ሸሸ፤ ማቴዮቲ ተናግሮ ሞተ፤ አቡነ ጴጥሮስም እንቢ ብለው ተረሸኑ። በጊዜው ሦስቱም የተሸነፉ መስለው ነበር። ዛሬ ግን በእሾህ ጥላ ሥር ተጠልለው ያደሩት ሁሉ ስማቸው ጠፍቶ፥ የእነዚህ ስም ይታወሳል። ይህች ደብር መለከቷን በምታሰማበት በዚህ ኢዮቤልዩ፥ ልጆቿ ጥላ ከሌለው ዛፍ ሥር ጥላ እንዳይፈልጉ፥ ጥላ ያላቸውም ዛፎች ቅርንጫፋቸውን እንዳይሰበስቡ እግዚአብሔር ይርዳቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። ይቈየን።